ወታደሩ ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት

ስለ ወታደር ሕክምና ወሬ ሲነሳ ሰው ወዲያው የሚታየው ሕንጻ ነው። አዲስ ሆስፒታል፣ ስንት አልጋ፣ ስንት ሲቲ ስካን፣ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን። ሕንጻ አልጠላም። የምበላውም እንጀራ ከሆስፒታል ነው፤ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ግን በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁ ቁጥር አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። በጦር ሜዳ የሚሞተው አብዛኛው ሰው እኛ ጋ አይደርስም። ስለዚህ የእኛ አልጋ ቢያምርም ባያምርም ለእሱ ለውጥ የለውም።

በግምት አይደለም የማወራው። የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 በኢራቅና በአፍጋኒስታን ውጊያ የሞቱባቸውን 4,596 ወታደሮች መዝገብ አገላብጠው ነበር። 87 በመቶው የሞቱት የትኛውም የሕክምና ጣቢያ ሳይደርሱ ነው። ከነዚህ ውስጥ ሩብ ያህሉ ሊተርፉ ይችሉ ነበር አሉ። ሊተርፉ ይችሉ ከነበሩት ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙን የገደላቸው የደም መፍሰስ ነው።

ሄሊኮፕተር እንደ ታክሲ የሚጠራ ጦር ነው ይሄ። በእሱ ቤት እንዲህ ከሆነ በእኛ ተራራና ቆላ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ጭን ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ ሲበጠስ ሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሐኪም አይደርስም። አምቡላንስ አይደርስም። እዚያ ያለው ከጎኑ የተኛው ወታደር ብቻ ነው። እሱ ማሰር ከቻለ ቁስለኛው ይተርፋል፤ ካልቻለ አለቀ።

ማሰሪያው ቱርኒኬት ይባላል። ወፍራም ጥብጣብና ማጠንከሪያ ዘንግ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የሚገርመው ግን ለብዙ ዘመን ሐኪሞች ራሳቸው ሲፈሩት መኖራቸው ነው። “ካሰርከው እግሩ ይቆረጣል” ይባል ነበር። እኛም ስንማር የመጨረሻ አማራጭ ነው ተብለን ነው የተማርነው። ይህን ፍርሃት ካፈረሱት ጥናቶች አንዱ በባግዳድ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል የተሠራው ነው። ጆን ክራ የተባለ የጦር ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቹ ቱርኒኬት የታሰረላቸውን 232 ቁስለኞች ተከታተሉ። ሰውነታቸው ከደም መፍሰሱ የተነሳ ከመዝለፍለፉ በፊት ከታሰረላቸው 90 በመቶው ተረፉ። ከተዝለፈለፉ በኋላ ከታሰረላቸው የተረፉት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። በማሰሪያው ምክንያት እግሩን ወይም እጁን ያጣ ደግሞ አልተገኘም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ።

ዘጠናና አሥር። በሙያዬ እንዲህ የተራራቀ ቁጥር አላየሁም ማለት ይቻላል። ልዩነቱን ያመጣው ደግሞ ማሰሪያው የዋለበት ደቂቃ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እኛ ጋ በመኪና አደጋ የሚመጡ ሰዎች በነጠላ፣ በጫማ ማሰሪያ፣ አንዳንዴም በኤሌክትሪክ ገመድ ታስረው ይደርሳሉ። ልብ ያሞቃል፤ የሆነ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሞክሯል። ግን ላላ ብሎ የታሰረ ነገር ካልታሰረው ሊብስ ይችላል። ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይዘጋና ከልብ የሚገፋውን ያሳልፋል፤ ደሙ ይብሱን ይወጣል። ማሰር ማለት በሥር ያለው ምት እስኪጠፋ ድረስ ማጥበቅ ነው። ያማል። ቁስለኛው ይጮኻል፣ ይሳደባል። ይሳደብ። ከቁስሉ ከፍ ብሎ ይታሰራል፣ የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል፣ “ትንሽ ይተንፍስ” ተብሎ አይላላም። ገበያ ላይ ደግሞ ሲጠበቅ ዘንጉ የሚሰበር አስመስሎ የተሠራ ርካሽ ዕቃ አለ። ለወታደር እንዲህ ዓይነቱን ገዝቶ ማደል ባዶ እጁን ከመላክ አይሻልም።

አጎቴ ይህን ሁሉ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። በደርግ ጊዜ ናቅፋ ግንባር ነበር። እኛ ጋሼ ነው የምንለው። ስለ ጦርነቱ ብዙ አያወራም፤ ስለ እግሩ ግን ከጠየቁት ይናገራል። የሞርታር ፍንጣሪ ከጉልበቱ በታች መታው። የጦሩ ድሬሰር ከእሱ ቀድሞ ሞቷል። አንድ የወሎ ልጅ በጠመንጃ ማንገቻ አሰረው፤ እንጨት ቢጤ አስገብቶ አጠመዘዘው። ማን እንዳስተማረው ጋሼ እስከ ዛሬ አያውቅም። ሌሊቱን እዚያው አደሩ። ሲነጋ በብርድ ልብስ አንጠልጥለው መኪና እሚደርስበት አወረዱት። ከዚያ በኡራል ላይ ከሌሎች ቁስለኞች ጋር ተጭኖ አስመራ ገባ። እግሩ ተቆረጠ፤ እሱ ግን ተረፈ።

“ሐኪሙ ጎበዝ ነበር?” ብዬ ጠየቅኩት አንዴ።

“ሐኪሙማ ጎበዝ ነበር። ግን እኔን ያዳነኝ ሐኪሙ አይደለም” አለኝ።

ጋሼ ሌላም የሚለው አለ፤ በድሮ ሠራዊት ሰው አፍ ሲነገር ትንሽ ይገርማል። “እነሱ ከኛ የበለጠ መድኃኒት አልነበራቸውም፤ ግን ቁስለኛቸውን ያውቁበት ነበር” ይላል። ስለ ሻዕቢያ ነው የሚያወራው። በኦሮታ ሸለቆ ውስጥ ከድንጋይ ሥር ተቆፍሮ፣ ከአውሮፕላን ተሸሽጎ የሚሠራ ረጅም ሆስፒታል ነበራቸው። ክኒንና ግሉኮስ ሳይቀር እዚያው ያመርቱ ነበር። ፖለቲካውን እንተወው፤ ቤተሰቤ ውስጥም ቢሆን በዚህ ጉዳይ ምሳ ላይ ስምምነት የለም። ለእኔ የሚታየኝ ግን ሰፊ በጀት የሌለው ኃይል ጥቂት የተማሩ እጆችን ወደ ቁስለኛው አቅርቦ ብዙ ሰው ማትረፍ መቻሉ ነው። በሌላው ወገን ያለው ሠራዊት ግን በአፍሪካ ከትልልቆቹ አንዱ ነበር።

ወደ ኋላ ስናይ በታሪካችን የወታደር ሕክምና ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው። በአድዋ ቁስለኛውን ያነሳው ወጌሻው፣ ጓደኛውና ጦሩን ተከትለው የዘመቱት ሴቶች ነበሩ። የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የደረሱት ከጦርነቱ በኋላ ነው። በምጽዋ በኩል ማለፊያ ስላጡ በጅቡቲ ዞረው መጡ። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ከፈቱ፤ ብዙ ሰውም አከሙ። ግን አድዋ ሜዳ ላይ ደሙ ለፈሰሰው እነሱ አልደረሱለትም።

በ1928 ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ነው፤ ጣሊያን ከመግባቱ ሦስት ወር እንኳ በማይሞላ ጊዜ። ሠራዊቱ የራሱ የሚባል የሕክምና ክፍል አልነበረውም ማለት ይቻላል። እንግሊዞች፣ ስዊድኖች፣ ኖርዌጂያኖች፣ ፊንላንዶች፣ ደቾች፣ ግብጻውያን የአምቡላንስ ቡድን ይዘው መጡ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴ በቦምብ ስትደበደብ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም አልተረፈም። ታኅሣሥ 20 ቀን መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳኖች ተመቱ፤ ቁስለኞች በተኙበት አለቁ። በዚያው ሰሞን የመርዝ ጋዙም መጣ። ፈሳሽ ሆኖ ሣሩ ላይ ይወርዳል፣ ድንጋዩ ላይ ይቀራል። ወታደሩ ባዶ እግሩን ነው። በሣሩ ላይ ይሄዳል፤ ከሰዓታት በኋላ እግሩ ውኃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፣ ዓይኑ ይዘጋል። የመጡት ሐኪሞች መጀመሪያ ላይ ምን እንደሚያክሙ ግራ ገብቷቸው ነበር። መከላከያ ጭምብል የለም። የሚታጠቡበት ውኃ እንኳ ሩቅ ነው።

የእንግሊዙን ቡድን የመራው ዶክተር ጆን ሜሊ ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ ከተማዋ ስትዘረፍ፣ መንገድ ላይ የወደቀ ቁስለኛ ሊረዳ ቆሞ ሳለ በጥይት ተመታ። በሁለተኛው ቀን አረፈ። ስለ እሱ ሳስብ ሁለት ነገር ይሰማኛል። አንዱ ምስጋና ነው። ሌላው ቁጭት፤ እነዚያ ሰዎች ሲሄዱ ወይም ሲሞቱ እውቀቱም አብሯቸው ሄደ። ከእነሱ ጋር የሠሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ረዳቶች ነበሩ እንጂ ሠራዊቱ ውስጥ የቀረ ሥርዓት አልነበረም።

ከዚያ ኮሪያ። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ፑሳን ሲገባ የተመደበው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው። ያ ማለት የኛ ልጅ ሲቆስል በዘመኑ ዓለም ላይ አለ በተባለው የሕክምና ሰንሰለት ውስጥ ነው የሚገባው፤ ለግንባር የቀረበ የቀዶ ሕክምና ድንኳን፣ ሄሊኮፕተር፣ በመርከብና በአውሮፕላን ወደ ኋላ መላክ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሕክምና ከደረሱ የአሜሪካ ቁስለኞች 4.5 በመቶው ይሞቱ ነበር። በኮሪያ ወደ 2.5 ወረደ። ከቃኘው ከ120 በላይ ሲሞቱ የቆሰሉት ከ500 ይበልጣሉ። አንድም ምርኮኛ እንዳልተያዘባቸው ሁላችንም ስንሰማው ያደግነው ነው። ቁስለኛን ጥለው አለመመለሳቸው ግን ከጀግንነት ወሬው ሌላ የሕክምናም ጉዳይ ነው። ቁስለኛውን ጎትቶ የሚያወጣ ጓድ ከሌለ ሄሊኮፕተሩ ማንን ይጭናል?

ያንን ሁሉ አይተው የተመለሱ ሰዎች ነበሩን። ብዙውን ግን ተበድረነው እንጂ የራሳችን አላደረግነውም።

ታዲያ የራስ ማድረግ ማለት ምንድን ነው? ለእኔ ምርጡ ምሳሌ 75ኛው ሬንጀር ሬጅመንት የሚባለው የአሜሪካ ልዩ እግረኛ ጦር ነው። አሜሪካዊ ስለሆነ ወዲያው “እነሱማ ገንዘብ አላቸው” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ቆዩ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የሬጅመንቱ አዛዥ የነበረው ስታንሊ ማክክሪስታል ለወታደሮቹ አራት ዋና ሥልጠና ብቻ ይኑር አለ፦ ተኩስ፣ የአካል ብቃት፣ የአነስተኛ ቡድን ውጊያ፣ ሕክምና። ሕክምናውን ለሐኪሙ ብቻ አልተወውም። ምግብ አብሳዩም፣ ሾፌሩም፣ መኮንኑም ማሰር ተማረ። አዛዡም እንደ ተኩስ ውጤት ሁሉ ይጠየቅበት ጀመር። ከ2001 እስከ 2010 (እ.ኤ.አ.) ሬንጀሮቹ 419 ጉዳተኛ ነበራቸው፤ 32ቱ በውጊያ ሞቱ። ከነዚህ ሊተርፍ ይችል ነበር የተባለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሞተው ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ ነው። በሌላው ጦር ሩብ ነበር ብያችኋለሁ።

ይኸው ጦር፣ ይኸው ጦርነት፣ ይኸው ጥብጣብ። የተለየው የአንድ አዛዥ ውሳኔ ነው። ጥሩ ቱርኒኬት ሠላሳ ዶላር ገደማ ነው። ለእኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ግን ከአንድ የቁስለኛ አልጋ ወጪ ጋር ማን ያወዳድረዋል? ሥልጠናው ደግሞ ከዚያም ይረክሳል። ሁርሶ፣ ብርሸለቆ፣ ጦላይ ላይ ምልምሉ ጠመንጃ በጨለማ ፈትቶ እንዲገጥም ይማራል። በዚያው ጨለማ የራሱን ጭን በአንድ እጁ ማሰር መቻሉም እንደ ጠመንጃው ይፈተን። ከአንድ ጊዜ ትምህርት በኋላ እጅ ይረሳል፤ እየደጋገሙ ማሠራት ነው።

እርግጥ ማሰር ብቻ አይበቃም። አሜሪካኖቹ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቁስለኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሐኪም ጋ ይድረስ ብለው አዘው ብዙ ሰው አትርፈዋል። እኛ ጋ በአንድ ሰዓት ከተራራ መውረድ ራሱ ሕልም ነው። ለኛ የሚቀርበው የዩክሬን ትምህርት ነው። እዚያ ድሮን መንገዱን ስለዘጋው ቁስለኛ ለብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ለቀን ጉድጓድ ውስጥ ይቆያል። ማሰሪያው በዚያው ልክ ሲቆይ በሌላ ጊዜ ሊድን ይችል የነበረ እግር ይጠፋል። ስለዚህ ወታደሩ ያስራል፤ የጦሩ የሕክምና ባለሙያ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያያል፣ ከተቻለ ቁስሉን በፋሻ ጠቅጥቆ ጨቁኖ ማሰሪያውን ይለውጣል። ስድስት ሰዓት ካለፈው ግን ሆስፒታል እስኪደርስ አይነካም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው በእያንዳንዱ መቶ ውስጥ ካለ የናቅፋው ሌሊት ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ደምም አለ። ለሠራዊቱ ደም ለግሱ ሲባል ሰልፍ ይዘን ሰጥተናል፤ እኔም ሰጥቻለሁ። ግን ከባንክ የሚወጣ ደም ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ማቀዝቀዣ መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱን እናንተው ታውቁታላችሁ። ሌላ መንገድ አለ። የደም ዓይነታቸው ኦ የሆነና አስቀድመው የተመረመሩ ወታደሮች ይመዘገባሉ። ጓዳቸው ሲቆስል እዚያው ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፤ ትኩስ ደም ከሰው ወደ ሰው በከረጢት ይሄዳል። ምርመራውን ማጓደል ግን አይቻልም፤ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ባለበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም።

ሁሉንም ወደ ጥይት ካዞርኩት ደግሞ እዋሻለሁ። ከደጋ የመጣ ልጅ ሁመራና መተማ ሲመደብ ወባው ይጠብቀዋል። ካላዛርም አለ። በሌሊት ከምትነክስ ከትንሽ የአሸዋ ዝንብ ይይዛል፤ የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈርና የግራር ጥላ ትወዳለች። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ሆድ ያብጣል፣ ሰውየው ከስቶ ያልቃል፤ ካልታከመ ይገድላል። መርፌው ራሱ ለሳምንታት የሚሰጥ ነው። በመድኃኒት የተነከረ አጎበርና ሳምንት ያልተወው ትኩሳት ሲያይ “ወባ ነው” ብሎ የማያልፍ ጤና ረዳት እዚህ ጋ ከቀዶ ሐኪም ይበልጣሉ።

አእምሮውስ? ጋሼ ቡሄ ሲደርስ ከቤት አይወጣም። ልጆቹ ጅራፍ ሲያጮኹ ይደነግጣል፤ መደንገጡን ደግሞ ሰው እንዲያይበት አይፈልግም። ልጆች ሆነን “ጋሼ ጫጫታ አይወድም” ተብሎ ነበር የሚነገረን። ማንም ይህ የሚታከም ነገር ነው ብሎ አልነገረውም። አንዳንዱ ጠበል ይሄዳል፣ አንዳንዱ አረቄ ቤት። ጠበል ለሚሄደው ክፉ አልናገርም፤ ሐኪሙንም እንዲጨምርበት ነው የምለምነው። ግን ጥፋቱን ወታደሩ ላይ መጫን አልወድም። ስለ ፍርሃቱ ቢናገር ፈሪ የሚባልበት ቤት ውስጥ ነው የኖረው። መጀመሪያ መናገር ያለበት አዛዡ ነው፤ “እኔም እንቅልፍ የለኝም” ብሎ በሠልፍ ፊት የሚናገር ኮሎኔል ከብዙ ፖስተር በላይ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ያበሸቀኝ የወረቀቱ ነገር ነው። ሰው ሠራሽ እግር አንዴ ተሰጥቶ የሚያልቅ ዕቃ አይደለም። ያልቃል፣ የተቆረጠው ጫፍ ይከሳል፣ መግጠሚያው ይላላል፤ በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ አለበት። ለዚያ ደግሞ ከገጠር ተነስቶ ማዕከል ድረስ መምጣት፣ አልጋ መከራየት፣ ሰልፍ መያዝ አለ። ጋሼ በአንድ ወቅት የሕክምና ቦርድ ፊት ሲቀርብ የቆሰለበትን ማስረጃ አምጣ ተባለ። የት ያምጣ? የአስመራው ካርድ አስመራ ቀርቷል። የጦሩ መዝገብ የት እንደገባ የሚነግረው ሰው አጣ። እግሩ የለም፤ እግሩ እንደሌለ የሚያስረዳ ወረቀትም የለም። ቢሮው ውስጥ የነበረው ልጅ ክፉ አልነበረም፤ ደንቡን ነው የሚያነበው።

ሬንጀሮቹ ያን ውጤት ያገኙት በማሰር ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ቁስለኛ ላይ ትንሽ ካርድ ይሞላ ነበር፦ ምን መታው፣ የት፣ ስንት ሰዓት ታሰረ፣ ምን ተሰጠው፣ ማን አሰረው። ካርዶቹ ተሰብስበው ተመዘገቡ፤ ለቀጣዩ ሥልጠና የሚጎድለውን ያሳየው ያ መዝገብ ነው። እኛ ጋ ያ ካርድ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ ቅጂ ከቁስለኛው ጋር ወደ ሐኪሙ ይሄዳል፣ ሌላው ዋና መምሪያ ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ ሰውየው ቦርድ ፊት ሲቆም ጸሐፊው ስሙን ይፈልግና ያገኘዋል። የወሎውም ልጅ ስም እዚያው ላይ ተጽፎ ይገኝ ነበር።